በባለ ብዙ መሣሪያ የተኩስ ውድድር የሾትገን ዓይነቶችን ብልጫ ማመጣጠን

የሾትገን ብልጫ ማመጣጠን በባለ ብዙ መሣሪያ የተኩስ ውድድር የተለያየ አሠራር ያላቸውን ሾትገኖች የያዙ ተወዳዳሪዎች በችሎታቸው እንጂ በመሣሪያቸው እንዳይበላለጡ የሚወጡ ደንቦችና የሚደረጉ ዝግጅቶች ናቸው። ባለ ብዙ መሣሪያ ውድድር አንድ ተወዳዳሪ ሽጉጥ፣ ጠመንጃና ሾትገን እያፈራረቀ ኢላማ የሚመታበት፣ ፍጥነትና ትክክለኛነት አብረው የሚቆጠሩበት የስፖርት ዓይነት ነው። ከሦስቱ መሣሪያዎች ደንብ አውጪዎችን ይበልጥ የሚያስቸግረው ሾትገኑ ነው። በሽጉጥና በጠመንጃ አብዛኛው ተወዳዳሪ ጥይቱን የሚሞላው ካዝና በመቀየር ሲሆን፣ በሾትገን ግን አንዱ ጥይቱን አንድ በአንድ ሲያጎርስ ሌላው አሥር ጥይት የያዘ ካዝና በአንድ ጊዜ ሊሰካ ይችላል። ስለዚህ የማመጣጠኑ ሥራ በአብዛኛው በአተኳኮሱ ላይ ሳይሆን በአሞላሉ ላይ ያተኩራል።

የውድድሩ አጀማመር

የባለ ብዙ መሣሪያ ውድድር ከ«ተግባራዊ ተኩስ» የወጣ ነው። ተግባራዊ ተኩስ የሚባለው ተወዳዳሪው በአንድ ቦታ ቆሞ አንድ ኢላማ ከመምታት ይልቅ እየተንቀሳቀሰ፣ ከተለያየ ቦታና ርቀት፣ የተለያዩ ኢላማዎችን በተወሰነ ሜዳ ውስጥ የሚመታበት ስፖርት ነው። ይህን ስፖርት በዓለም ደረጃ የሚመራው ዓለም አቀፍ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን (አይፒኤስሲ) እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበር። የድርጅቱ መፈክር ሦስት የላቲን ቃላትን የያዘ ሲሆን ትርጉሙ ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት ነው። የአሜሪካው ቅርንጫፍ፣ ዩኤስፒኤስኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋቋመ።

ሽጉጥ፣ ጠመንጃና ሾትገን በአንድ ላይ የሚያወዳድሩ ግጥሚያዎች በአሜሪካ በ1980ዎቹ እየተለመዱ መጡ። በኋላም «ሦስት መሣሪያ» በሚል ስም ተስፋፉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው አንድ ሾትገን በአንዱ ውድድር የተፈቀደ፣ በሌላው የተከለከለ ሊሆን ይችላል። በአይፒኤስሲ ሥር ደግሞ ሾትገን ብቻውንም ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና አለው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 በሃንጋሪ ደብረጼን፣ ሁለተኛው በ2015 በጣሊያን፣ ሦስተኛው በ2018 በፈረንሳይ ተካሂዷል።

ስያሜዎች

በአማርኛ ስለ ጠመንጃ የሚነገሩት ቃላት፣ ማለትም ቃታ፣ ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ካዝና፣ ቀለህ፣ ዝናርና ማጉረስ፣ ለሾትገንም ያገለግላሉ። ሾትገን ከጠመንጃ የሚለየው በርሜሉ ውስጡ ለስላሳ በመሆኑና አንዱ ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የእርሳስ ጠጠሮችን በአንድ ጊዜ የሚበትን በመሆኑ ነው። ለሩቅ ኢላማ ግን በቀለሁ ውስጥ አንድ ወፍራም እርሳስ ብቻ የያዘ ጥይት ይጠቀማሉ።

የሾትገን የበርሜል ስፋት «ጌጅ» በሚባል መለኪያ ይጠራል። ቁጥሩ በበርሜሉ ልክ የተሠሩ ስንት የእርሳስ ድቡልቡሎች አንድ ፓውንድ (454 ግራም ገደማ) እንደሚመዝኑ ያመለክታል። በ12 ጌጅ 12 ድቡልቡሎች፣ በ20 ጌጅ 20 ድቡልቡሎች አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር በርሜሉ ይጠባል፤ 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ 20 ጌጅ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

የሾትገን ዓይነቶች

በውድድር ሜዳ የሚታዩት ሾትገኖች በአሠራራቸው በአምስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

• ባለ ሁለት በርሜል፦ ሁለት ጥይት ብቻ ይይዛል። ለመሙላት በርሜሉ ከወገቡ ይታጠፋል፤ ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ አዲሱ ይገባል። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ እምብዛም አይበላሽም።

• ፓምፕ፦ ከበርሜሉ ሥር ባለ የቱቦ ካዝና ጥይት ይደረደራል። ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የፊት እጀታውን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት በመግፋት ቀለሁን ያወጣል፣ አዲሱን ያጎርሳል።

• በማንሻ የሚሠራ፦ ከቃታው ሥር ያለው ማንሻ ወደ ታች ወርዶ ሲመለስ ጥይት ይጎርሳል። የታወቀው ምሳሌ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1887 ዊንቸስተር ነው።

• ከፊል አውቶማቲክ ባለ ቱቦ፦ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን የሚያጎርሰው ግን መሣሪያው ራሱ ነው። ጥይቱ የሚሞላው እንደ ፓምፑ በቱቦው ውስጥ በእጅ ነው።

• ከፊል አውቶማቲክ ባለ ተነቃይ ካዝና፦ እንደ ክላሽንኮቭ ጠመንጃ ካዝናው ተነቅሎ በሙሉ ካዝና ይተካል። የሩሲያዎቹ ሳይጋ 12 እና ቬፐር 12 የዚህ ዓይነት ናቸው።

ብልጫው ከየት ይመጣል

ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን ከፓምፕ እንደሚፈጥን ብዙ ሰው ይገምታል። ልምድ ባለው ተኳሽ እጅ ግን በሁለት ተኩሶች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ኢላማ ከኢላማ ለመሸጋገር የሚወስደው ጊዜ ከፊሉን ይውጠዋል። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ጥይት ሲያልቅ ነው። በአገራችን ለመሙላት ጊዜ የሚፈጅ አሮጌ መሣሪያ «ቆመህ ጠብቀኝ» ይባላል። ስሙ ራሱ ችግሩን ይናገራል፦ መሣሪያው ተኩሶ ሲያበቃ፣ ባለቤቱ እስኪሞላው ድረስ ተቃራኒው ቆሞ መጠበቅ አለበት። በውድድር ሜዳ ኢላማው ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ጣቢያ 16 የሾትገን ኢላማዎች አሉ እንበል። አንዱ ተወዳዳሪ 9 ጥይት የያዘ ፓምፕ፣ ሌላው 10 ጥይት የያዘ ባለ ተነቃይ ካዝና ይዘዋል። ሁለቱም ምንም ባይስቱ ፓምፕ የያዘው ቢያንስ 7 ጥይት በእጁ መሙላት አለበት። ለእያንዳንዱ ጥይት 1 ሰከንድ ቢወስድበት 7 ሰከንድ ያጠፋል። ሁለተኛው ካዝናውን በ2 ሰከንድ ቢቀይር ልዩነቱ 5 ሰከንድ ይሆናል። በዚሁ ጣቢያ ላይ 8 ኢላማ ብቻ ቢኖር ግን ሁለቱም መሙላት አያስፈልጋቸውም፤ ብልጫው ይጠፋል። የመሣሪያ ብልጫ በመሣሪያው ላይ ብቻ የተጻፈ ሳይሆን ከጣቢያው ጋር የሚለዋወጥ መሆኑን ይህ ያሳያል።

በሌላ በኩል ባለ ተነቃይ ካዝናው የራሱ ድክመት አለው። የሾትገን ቀለህ በአብዛኛው ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ በካዝና ውስጥ ተጨቁኖ ሲቆይ ቅርጹ ሊዛባና ሊነክስ ይችላል። ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያም አሠራሩን ለማንቀሳቀስ ከጥይቱ በቂ ኃይል ይፈልጋል፤ ቀላል ጥይት ሲጎርስ ሊደናቀፍ ይችላል። ፓምፕ ግን በተኳሹ ክንድ ስለሚንቀሳቀስ ከባዱንም ቀላሉንም ጥይት ያስተናግዳል።

የአሞላል ዘዴ መሻሻልም ሚዛኑን ቀይሮታል። ድሮ ተኳሾች ጥይቱን ከዝናር አንድ አንድ እያወጡ ይሞሉ ነበር። በ2010ዎቹ አራት ጥይት በአንድ እጅ ይዞ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ ወደ ቱቦው የመግፋት ዘዴ ተስፋፋ። ለዚህም የቱቦውን መግቢያ ማስፋት፣ ጥይቱን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚይዝ የደረት ወይም የወገብ መያዣ መልበስ ተለመደ። ዘዴውን የተካነ ተወዳዳሪ በቱቦና በተነቃይ ካዝና መካከል የነበረውን ክፍተት በእጅጉ ያጠብበዋል። ይህ ብልጫ በከፊል የልምምድ፣ በከፊል ደግሞ የመሣሪያ ማሻሻያ ውጤት በመሆኑ፣ «ችሎታ የት ያበቃል፣ መሣሪያ የት ይጀምራል?» የሚለውን ጥያቄ አስነስቷል።

የማመጣጠኛ መንገዶች

በምድብ መክፈል

በጣም የተለመደው መንገድ ተመሳሳይ መሣሪያ የያዙትን ብቻ እርስ በርስ ማወዳደር ነው። አይፒኤስሲ ሾትገንን በአራት ምድብ ይከፍላል፦

• ክፍት ምድብ፦ የመስታወት ማነጣጠሪያ፣ የእርግጫ መቀነሻና ተነቃይ ካዝና የሚፈቀዱበት ነው።

• የተሻሻለ ምድብ፦ ብዙ ማሻሻያ ይፈቅዳል፤ የመስታወት ማነጣጠሪያን ግን አይፈቅድም።

• መደበኛ ምድብ፦ ከፋብሪካ እንደወጣ ለሚቀርብ ባለ ቱቦ ሾትገን የተዘጋጀ ነው። የመስታወት ማነጣጠሪያና የእርግጫ መቀነሻ አይፈቀዱም።

• መደበኛ የእጅ ምድብ፦ ከመደበኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን እንደ ፓምፕ በእጅ ለሚንቀሳቀሱ ብቻ ነው።

በአሜሪካ የሦስት መሣሪያ ውድድሮች ምድቡ የሚወሰነው በሦስቱም መሣሪያዎች ጥምር ነው። በክፍት ምድብ ተነቃይ ካዝና ያለው ሾትገን ይፈቀዳል። «ታክቲካል» በሚባለው ምድብ በጠመንጃው ላይ አንድ የመስታወት ማነጣጠሪያ ይፈቀዳል፤ ሾትገኑ ግን ባለ ቱቦ መሆን አለበት። «ከባድ ብረት» የሚባለው ምድብ ደግሞ ታሪካዊና ከባድ መሣሪያዎችን ለሚወዱ የተዘጋጀ ነው፤ በልማድ ባለ 12 ጌጅ ፓምፕ ሾትገን፣ ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር ጠመንጃና ባለ .45 ሽጉጥ ይጠይቃል።

የምድብ አከፋፈል ፍትሐዊ ቢሆንም ዋጋ አለው። ምድብ በበዛ ቁጥር በእያንዳንዱ ውስጥ የሚሰለፈው ሰው ይቀንሳል። ሦስት ሰው ብቻ በተሰለፈበት ምድብ አንደኛ መውጣት ትልቅ ትርጉም አይኖረውም። ስለዚህ የውድድር ደንቦች አንድ ምድብ በይፋ እንዲቆጠር የተወሰነ ዝቅተኛ የተወዳዳሪ ቁጥር ይጠይቃሉ።

የመነሻ ጥይት ገደብ

ሁለተኛው መንገድ የመነሻ ምልክቱ ሲሰማ በመሣሪያው ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የጥይት ብዛት መገደብ ነው። በብዙ የሦስት መሣሪያ ውድድሮች ከክፍት ምድብ ውጭ ያለ ሾትገን ከ9 ጥይት በላይ ይዞ እንዲጀምር አይፈቀድም። የዚህ ደንብ ጥቅም ረጅም ቱቦ በመግዛት የሚገኘውን ብልጫ መሰረዙ ነው። 12 ጥይት የሚይዝ ቱቦ ያለውና 8 ጥይት በቱቦ፣ 1 በበርሜል የያዘው ተወዳዳሪ በአንድ መስመር ይጀምራሉ።

ይሁን እንጂ ገደቡ ለመነሻው ብቻ ስለሆነ ረጅም ቱቦ ያለው ተወዳዳሪ በመንገድ ላይ ከሌላው ይበልጥ መሙላት ይችላል። በተለይ ከአንዱ የተኩስ ቦታ ወደ ሌላው እየሮጠ የሚሞላ ሰው የቱቦውን ትርፍ ቦታ ይጠቀምበታል። ብልጫው ከመነሻው ወደ መሐል ይሸጋገራል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ሁለት ሁለት ማጉረስ

ከሁሉም ግልጽ የሆነው የማመጣጠን ምሳሌ የሚገኘው በ«ካውቦይ አክሽን» ውድድር ነው። ይህን ስፖርት የሚመራው ነጠላ ድርጊት ተኳሾች ማኅበር (ኤስኤኤስኤስ) እ.ኤ.አ. በ1987 ተመሠረተ። ተወዳዳሪው በ19ኛው መቶ ዘመን ንድፍ የተሠሩ ሁለት ባለ ተሽከርካሪ ሽጉጦች፣ አንድ ባለ ማንሻ ጠመንጃና አንድ ሾትገን ይጠቀማል። እዚህ ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን የለም። ነገር ግን ባለ ሁለት በርሜል፣ የ1887 ባለ ማንሻና የ1897 ፓምፕ ጎን ለጎን ይወዳደራሉ።

ያለ ገደብ ቢለቀቁ አምስት ጥይት በቱቦው የሚይዘው የ1897 ፓምፕ ባለ ሁለት በርሜሉን በቀላሉ ይቀድም ነበር። ደንቡ ይህን በሦስት መንገድ ይፈታል። አንደኛ፣ ሾትገን ሁሉ ክፍትና ባዶ ሆኖ ይቀመጣል፤ መሙላቱ ሰዓቱ ከተነሳ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ፓምፑም ሆነ ባለ ማንሻው በአንድ ጊዜ ከሁለት ጥይት በላይ አይሞሉም። በዚህም ሁሉም ወደ ደካማው መሣሪያ አቅም ይወርዳሉ። ሦስተኛ፣ ባለ ሁለት በርሜሉ ቀለህን በራሱ የሚያስፈነጥር መሣሪያ እንዲኖረው አይፈቀድም፤ ካልሆነ ብልጫው ወደ እርሱ ያዘነብል ነበር። ዝናሩም ቢሆን ይገደባል፤ በአንድ ማንገቻ ከሁለት በላይ ጥይት አይቀመጥም።

የዚህ መፍትሔ ጥንካሬ ተወዳዳሪዎችን ሳይለያይ ማመጣጠኑ ነው። ድክመቱ ደግሞ የመሣሪያውን ተፈጥሮ መደበቁ ነው፤ አምስት ጥይት የሚይዝ ጠመንጃ ሁለት ብቻ እንዲይዝ ይገደዳል።

ዝቅተኛ የኃይል ወሰን

አንድ ተወዳዳሪ እርግጫው የቀለለ ጥይት ከተጠቀመ መሣሪያው በእጁ ላይ ስለማይዘል ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል። ይህን ለመከላከል «የኃይል ቁጥር» የሚባል መለኪያ አለ። የእርሳሱ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተለክቶ ይባዛል፤ ውጤቱ ለ1000 ይካፈላል። አይፒኤስሲ ለሾትገን ዝቅተኛው 480፣ ትንሹ የተፈቀደ የበርሜል ስፋት ደግሞ 20 ጌጅ እንዲሆን ይጠይቃል።

ለምሳሌ 28 ግራም እርሳስ 432 ግሬን ያህል ነው። በሰከንድ 1200 ጫማ (366 ሜትር ገደማ) ቢወረወር የኃይል ቁጥሩ 518 ስለሚሆን ያልፋል። 24 ግራም እርሳስ ግን 370 ግሬን ያህል ስለሆነ በዚያው ፍጥነት 444 ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ይወድቃል። እንዲያልፍ ከተፈለገ ፍጥነቱ ወደ 1300 ጫማ ማደግ አለበት። የመለኪያው ፍሬ ነገር እርግጫውን ለሁሉም ተቀራራቢ ማድረግ ነው።

የጣቢያ አነዳደፍ

ደንብ ሳይቀየር ጣቢያውን በመንደፍ ብቻም ብልጫን መቀነስ ይቻላል። ነዳፊው ከአንድ ቦታ የሚመቱትን የሾትገን ኢላማዎች ከስምንት በታች ቢያደርግና ቀጣዮቹን ከጥቂት ሩጫ በኋላ ቢያስቀምጥ፣ ባለ ቱቦው ተወዳዳሪ እየሮጠ ስለሚሞላ ጊዜ አያባክንም። ሃያ ኢላማ በአንድ ቦታ ቢደረደር ግን ባለ ካዝናው ያለ ጥርጥር ይቀድማል። እንዲሁም አንዳንዱን ኢላማ ራቅ አድርጎ በነጠላ እርሳስ እንዲመታ ማድረግ ተወዳዳሪው ጥይት እንዲቀይር ስለሚያስገድደው፣ አንድ ጥይት በቀላሉ መለወጥ የሚችለውን ባለ ቱቦ ይጠቅማል። ባለ ካዝናው ለዚያ አንድ ኢላማ ካዝናውን ሙሉ በሙሉ መንቀል ሊኖርበት ይችላል።

የነጥብ አሰላልና ብልጫ

የመሣሪያ ልዩነት በመጨረሻው ውጤት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚወስነው የነጥብ አሰላሉ ነው። ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

በአይፒኤስሲ አሰላል ተወዳዳሪው ያገኘው ነጥብ በወሰደበት ጊዜ ይካፈላል። በ20 ሰከንድ 80 ነጥብ ያገኘ 4.0 ያስመዘግባል፤ በ25 ሰከንድ 80 ነጥብ ያገኘ ደግሞ 3.2። ከፍተኛውን ያስመዘገበው የጣቢያውን ሙሉ ነጥብ ሲወስድ ሌሎቹ በድርሻቸው ያገኛሉ፤ ጣቢያው 80 ነጥብ ቢይዝ ሁለተኛው 64 ያገኛል።

በብዙ የሦስት መሣሪያ ውድድሮች የሚሠራበት ደግሞ «ጊዜ ሲደመር ቅጣት» ነው። ለሳተ ወይም ለታለፈ ኢላማ ሰከንድ ይጨመራል። በካውቦይ አክሽን ለምሳሌ ለአንድ ስህተት 5 ሰከንድ፣ የሥነ ሥርዓት ደንብ ለጣሰ 10 ሰከንድ ይታከላል። በሦስት መሣሪያ ውድድሮች በብዛት አነስተኛውን ጊዜ ያስመዘገበ 100 ነጥብ ሲያገኝ የሌላው ነጥብ የአንደኛው ጊዜ ለራሱ ጊዜ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የሚገኘው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነገር ልብ ይባላል። ቀደም ሲል በምሳሌው የታየው የ5 ሰከንድ የመሙያ ልዩነት አንደኛው በ40 ሰከንድ በጨረሰበት ጣቢያ ተወዳዳሪውን ወደ 88.9 ነጥብ ያወርደዋል፤ ከ11 ነጥብ በላይ አጣ ማለት ነው። አንደኛው በ80 ሰከንድ በጨረሰበት ረጅም ጣቢያ ግን ያው 5 ሰከንድ ወደ 94.1 ብቻ ያወርደዋል። ስለዚህ ብዙ ጥይት የሚጠይቅ አጭር ጣቢያ የመሣሪያ ብልጫን ያገንናል፤ ሩጫ፣ ጠመንጃና ሽጉጥ የተቀላቀሉበት ረጅም ጣቢያ ያቀልለዋል።

በሌሎች የሾትገን ውድድሮች

ጥያቄው ከባለ ብዙ መሣሪያ ውድድር ውጭም የቆየ ነው። በኦሊምፒክ የሸክላ ኢላማ ተኩስ የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ለስላሳ በርሜል ያላቸውን ሾትገኖች ከፊል አውቶማቲክን ጨምሮ ይፈቅዳል፤ ፓምፕን ግን አይፈቅድም። ስፋቱ ከ12 ጌጅ መብለጥ የለበትም፤ የእርሳሱ መጠንም ወደ 24 ግራም ይገደባል። በተግባር ከፍተኛ ተወዳዳሪዎች ባለ ሁለት በርሜል ይመርጣሉ፤ ውድድሩ ቢበዛ ሁለት ተኩስ በተከታታይ ስለሚጠይቅ ትልቅ ካዝና ምንም አይጨምርላቸውም። የኢላማው ብዛት ራሱ መሣሪያዎቹን አመጣጥኗቸዋል።

በአሜሪካ የስኪት ውድድር ደግሞ ማመጣጠኑ በበርሜል ስፋት ነው። ለ12፣ ለ20፣ ለ28 ጌጅና ለ.410 የየራሳቸው ውድድር አለ፤ አንድ ሰው በሁሉም ሊሳተፍ ይችላል። ጠባቡ በርሜል የሚበትነው እርሳስ ጥቂት ስለሆነ ከባዱ ፈተና እርሱ ነው።

በኢትዮጵያ ስፖርት የሚታወቀው ተመሳሳይ ጉዳይ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ይዞታ የሚገዛው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። የመሣሪያ ብልጫ ጥያቄ በአገሪቱ በስፋት የሚታወቀው ግን በተኩስ ሳይሆን በሩጫ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ጫማ የውጤት ጉዳይ አልነበረም። በ2010ዎቹ መጨረሻ የካርቦን ሳህን ያላቸው ወፍራም ሶል ጫማዎች ሲመጡ ግን ጥያቄው ተነሳ። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከአንድ ሳህን በላይም እንዳይኖረው ወሰነ።

የደንቡ ክብደት እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2021 በቪየና ማራቶን ታየ። ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። ጫማው 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዳለው ከታወቀ በኋላ ውጤቱ ተሰረዘና ድሉ ከእርሱ በ3 ሰከንድ ዘግይቶ ለገባው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። በተቃራኒው ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር የተጫማችው 138 ግራም የሚመዝን፣ በ500 ዶላር ለገበያ የቀረበና ደንቡ የፈቀደው ጫማ ነበር።

ሁለቱ ጉዳዮች ለሾትገኑም ይሠራሉ። አንደኛ፣ ገደቡ በሚሊ ሜትር ወይም በጥይት ብዛት በግልጽ ሲጻፍ ዳኛው ይለካል እንጂ አይገምትም። ሁለተኛ፣ ገደቡ ብልጫን ሁሉ አያጠፋም፤ በተፈቀደው ውስጥ የተሻለውን የመግዛት አቅም ያለው አሁንም አንድ እርምጃ ይቀድማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተወዳዳሪው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን ማስለካት አለበት። በተኩስ ውድድር ከተፈቀደው አንድ ጥይት አብልጦ የጀመረ ሰው ወደ ክፍት ምድብ ሊዛወር ይችላል፤ በዚያም በማያውቀው ፉክክር ውስጥ ይገባል።

ደኅንነት

የማመጣጠኛ ደንቦች ከደኅንነት ደንቦች ተነጥለው አይወጡም። ተወዳዳሪው አንዱን መሣሪያ አስቀምጦ ሌላውን ስለሚያነሳ የተቀመጠው መሣሪያ ባዶ ወይም መቆለፊያው የተዘጋ መሆን አለበት፤ አፈሙዙም አደጋ ወደማያስከትልበት አቅጣጫ መዞር አለበት። እየሮጡ መሙላትን የሚያበረታታ ጣቢያ አፈሙዝ ወደ ኋላ እንዲዞር ሊያደርግ ስለሚችል ነዳፊው የሩጫውን አቅጣጫ አስቀድሞ ያጤናል። አፈሙዙን ከተፈቀደው ወሰን ውጭ ያዞረ ተወዳዳሪ ምንም ያህል ቢፈጥን ከውድድሩ ይሰናበታል።

ክርክሮች

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሱት ዋና ዋና ክርክሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የጠቅላላ ውጤት ጉዳይ ነው። በተለያየ ምድብ የተወዳደሩትን በአንድ ሰንጠረዥ ማሰለፍ የተመልካችን ፍላጎት ያረካል፤ ነገር ግን በፓምፕ አሥረኛ የወጣውና በተነቃይ ካዝና ዘጠነኛ የወጣው አንድ ሥራ አልሠሩም። ስለዚህ ሽልማት በምድብ እንዲሰጥ የሚሟገቱ ይበዛሉ።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የተስፋፋ መግቢያ፣ ረጅም ቱቦ፣ የጥይት መያዣና የተስተካከለ ካዝና ሁሉ ወጪ ናቸው። ጥብቅ ደንብ አዲስ ሰው ባለው መሣሪያ እንዲገባ በር ይከፍታል። ልል ደንብ ደግሞ የመሣሪያ ሠሪዎችን ፈጠራ ያበረታታል፤ ባለ ቱቦ ሾትገኖች ከፋብሪካ ሰፊ መግቢያ ይዘው መምጣት የጀመሩት በውድድር ሜዳ ፍላጎት ነው።

ሦስተኛው በጊዜ ማካካሻ ላይ ነው። ለፓምፕ ያዥ የተወሰነ ሰከንድ ወይም መቶኛ ይቀነስለት የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ችግሩ ማካካሻው ቋሚ ሲሆን ብልጫው ግን በየጣቢያው የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። ስምንት ኢላማ ባለበት ጣቢያ ላይ ያልተገባ ስጦታ፣ ሃያ ኢላማ ባለበት ላይ ደግሞ የማይበቃ ካሳ ይሆናል። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ውድድሮች ሰዓቱን ከማረም ይልቅ በመነሻው ላይ ያለውን ጥይት መቁጠርንና ምድብ መለየትን መርጠዋል።